ጓዝ የሚቀለው ዝምድና ሲጠብቅ ነው

ዕቃን መቀነስ የዘመናችን ታላቅ ምክር ሆኗል። ጃፓናዊቷ ማሪ ኮንዶ ቤትን ከትርፍ ዕቃ ስለማጽዳት የጻፈችው መጽሐፍ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሞ በሚሊዮኖች ተሸጧል። ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ እንደ ኢስቶኒያና ባርባዶስ ያሉ አገሮች ላፕቶፑን ይዞ ከአገር አገር እየዞረ ለሚሠራ ሰው የተለየ ቪዛ መስጠት ጀምረዋል። ምክሩ ወደ እኛ ከተሞችም ደርሷል፤ ቁም ሣጥንህን አራግፍ፣ የማትጠቀምበትን ስጥ፣ ኑሮህን በአንድ ሻንጣ ክተት ይላል። በዚህ ምክር ውስጥ እውነት አለ፤ ዋናው ነገር ግን ጎድሎታል። በጥቂት ጓዝ እየተንቀሳቀሱ ለዘመናት የኖሩት የአገራችን አርብቶ አደሮች የሚያስተምሩን ዕቃ መቀነስ ብቻውን ነጻነት እንደማያመጣ ነው። ሰው ጓዙን በሰላም ሊያቀልል የሚችለው ዋስትናውን ከዕቃ ላይ አንሥቶ በሰዎች መካከል ባለ የእርስ በርስ ግዴታ ላይ ሲያኖረው ነው። ይህን ትተን የቤቱን ባዶነት ብቻ ብንኮርጅ የምናተርፈው ብቸኝነትንና ለአደጋ መጋለጥን ይሆናል።

ነገሩን ከቤቱ እንጀምር። የአፋርና የሶማሌ አርብቶ አደር ባህላዊ ቤት ሲሠራም ለመነሣት ታስቦ ነው። የጎበጡ እንጨቶች በክብ ይተከሉና ሰሌንና ምንጣፍ ይለብሳሉ። መንደሩ የሚነሣበት ጊዜ ሲደርስ ሁሉም ተፈትቶ በግመል ይጫናል፤ አዲሱ ሰፈር ሲደረስም እንደገና ይቆማል። ቤቱን የሚሠሩትም የሚያፈርሱትም ሴቶች ናቸው። አብሮ የሚጓዘው የወተት ዕቃ፣ የውሃ መያዣ፣ ማብሰያ፣ መኝታና ጥቂት ልብስ ነው። የቦረና ኦሮሞ ቤት ከዚህ የረጋ ቢሆንም መንጋው ግን ለሁለት ተከፍሎ ይንቀሳቀሳል። የሚታለቡት ላሞች ከቤተሰቡ ጋር መንደር ይቀራሉ፤ ይህ ዋራ ይባላል። ወተት የማይሰጡት ከብቶች ፎራ ተብለው ከወጣቶች ጋር ወደ ሩቅ ግጦሽ ይወጣሉ፤ ፎራ የወጣ ወጣትም የሚኖረው ተሸክሞ ሊሄድ በሚችለው ብቻ ነው። በዚህ ኑሮ ውስጥ እያንዳንዱ ዕቃ ወይ ግመል ወይ ሰው ስለሚሸከመው፣ ሳያገለግል የሚቀመጥ ነገር ቦታ አያገኝም።

ይህን ያየ ከተሜ መጀመሪያ የሚሰነዝረው ተቃውሞ «ሰዎቹ ድሃ ስለሆኑ እንጂ መርጠውት አይደለም» የሚል ነው። ድህነት በአርብቶ አደር አካባቢዎች መኖሩ አይካድም። ይሁን እንጂ ይህ ማስረጃውን አያብራራም፤ ምክንያቱም ብዙ መቶ ከብት ያለው ባለጸጋም ቤቱ ከጎረቤቱ ቤት ብዙም አይለይም። ልዩነቱ ያለው ከበረቱ ነው። አርብቶ አደሩ ሀብትን የሚንቅ መናኝ አይደለም፤ እንዲያውም መንጋውን ለማብዛት በብርቱ ይጥራል፤ ድርቅ ከመንጋው እኩሌታውን ቢወስድበት በተረፈው እንደገና መነሣት አለበትና። እሱ የሚለየው ሀብትን ከሀብት ነው። ከብት ይሄዳል፣ ይወልዳል፣ ይታለባል፣ ለሙሽራ ይሰጣል፣ ለተቸገረም ይታደላል። ተቀምጦ የሚያረጅ ዕቃ ግን ከእነዚህ አንዱንም አያደርግም። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት «ጥቂት ይኑርህ» የሚል አይደለም። ያለህ ነገር ከአንተ አልፎ ለሌላው ሊደርስ የሚችል፣ በዝምድና መካከል የሚዘዋወር ይሁን የሚል ነው።

ይህ ዝውውር ለሰው መልካም ፈቃድ ብቻ የተተወ አይደለም፤ ሥርዓት አለው። ቦረና ውስጥ ከብቱ የበዛለት ሰው ላም ለሌለው ቤተሰብ የምትታለብ ላም በውሰት ይሰጣል፤ ዳባሬ ይባላል። ተቀባዩ ልጆቹን ወተት ያጠጣል፤ ሰጪው ደግሞ መንጋው በተለያየ ቦታ ስለሚበተን በሽታም ሆነ ድርቅ አንድ አካባቢ ሲመታ ሁሉንም አያጣም። ከብቱ ጨርሶ ያለቀበት ሰው ደግሞ በቡሳ ጎኖፋ ሥርዓት ወደ ጎሣው ይቀርባል። የጎሣው ሽማግሌዎች ጉዳዩን ያዩና ለዘመዶቹ እያከፋፈሉ ከብት ይሰጡታል። ይህ ምጽዋት አይደለም። ለሚቀበለው መብት፣ ለሚሰጠው ግዴታ ነው፤ ዓላማውም ሰውየውን ለአንድ ቀን ማብላት ሳይሆን እንደገና አርቢ አድርጎ ማቋቋም ነው። አንድ ሰው በቤቱ የአንድ ዓመት እህል ሳያከማች ሊኖር የሚችለው እንዲህ ያለ ሥርዓት ከኋላው ስላለ ነው። አባቶች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ይህንኑ ነው። ከአርብቶ አደሩ ጀርባ ሸክሙ የቀለለው ሎሚው ስላነሰ ሳይሆን ተሸካሚው ስለበዛ ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ውሃው ነው። ቦረና ውስጥ ዘጠኙ ቱላ የሚባሉ ጥንታዊ ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች አሉ፤ አንዳንዶቹ እስከ 30 ሜትር ይወርዳሉ። ወንዶች ከታች እስከ ላይ በተርታ ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ባልዲ እየተቀባበሉ ውሃውን ወደ ገንዳው ያወጣሉ። የዚህ ውሃ ባለቤትነት ከጎሣ ጋር የተያያዘ ነው፤ ጉድጓዱን ላስቆፈረው ወገን ኃላፊ የሆነው አባ ኮንፊ ሲባል፣ የማጠጫውን ተራ የሚያስከብረው ደግሞ አባ ሄሬጋ ነው። በበጋ ከብቱ በየሦስት ቀኑ የሚጠጣው በተራው መሠረት ነው፤ የመጠጣት መብትም ጉድጓዱን በጉልበት ከማገልገል ጋር ይሄዳል። ተራ ያፈረሰ ይቀጣል፤ መንገደኛ ሰው ግን የሚጠጣውን አይከለከልም። እዚህ ማንም የግል ጉድጓድ አያስፈልገውም፤ የጋራው ጉድጓድ ሕግ አለውና። ጋሬት ሃርዲን የተባሉ አሜሪካዊ ሳይንቲስት በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ዝነኛ ጽሑፍ የጋራ ግጦሽ መጥፋቱ እንደማይቀር፣ እያንዳንዱ አርቢ ለራሱ አንድ ከብት ሲጨምር ሁሉም እንደሚከስር ተከራክረው ነበር። ኤሊኖር ኦስትሮም ደግሞ ከብዙ አገሮች ማስረጃ ሰብስበው፣ ሰዎች ራሳቸው ባወጡት ደንብ የጋራ ሀብትን ለትውልድ ሊጠብቁ እንደሚችሉ አሳዩ፤ በ2009 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙትም በዚህ ሥራቸው ነው። የቦረና ቱላ የሚመሰክረው ለኦስትሮም ነው። የጋራ ነገር የሚጠፋው ተጠያቂ ሲያጣ እንጂ የጋራ በመሆኑ ብቻ አይደለም።

ሦስተኛው መንቀሳቀሱ ራሱ ነው። ብዙዎቻችን የአርብቶ አደሩን ጉዞ ዓላማ የሌለው መንከራተት አድርገን እናየዋለን። እውነታው ሌላ ነው። ዝናብ በሚቆራረጥበት ቆላ ሣር በዚህ ወር እዚህ፣ በሚቀጥለው ወር ሌላ ቦታ ይበቅላል፤ ስለዚህ ትክክለኛው እርባታ እንስሳውን ወደ ሣሩ ማድረስ ነው። መንደር ከመነሣቱ በፊት ቃኚዎች ተልከው ግጦሹን፣ ውሃውን፣ በሽታውንና የጎረቤት ጎሣን ሁኔታ ያያሉ። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ልማድ አላቸው፤ መንገድ ላይ የተገናኙ ሰዎች ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን ምንም ሳይደብቁ ይነጋገራሉ፤ የሐሰት ወሬ ማቀበል ትልቅ ነውር ነው። መቀመጫው አዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል ለአፍሪካ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ባካሄደው ጥናት፣ የቦረና አረባብ ከአንድ ሔክታር መሬት የሚያወጣው ምግብ በተመሳሳይ አየር ንብረት ካሉ የኬንያ የንግድ ከብት እርባታዎች እንደሚበልጥ ታይቷል። እንቅስቃሴ፣ ዜናና ዝምድና አንድ ላይ ሆነው ጎተራና አጥር የሚሠሩትን ሥራ ሠርተዋል። ጓዙ ቀላል የሆነውም ለዚህ ሥራ ሲባል ነው።

ይህ ሥርዓት ምን ያህል በእንቅስቃሴና በጋራ መሬት ላይ እንደቆመ የሚያሳየን ሲቆረጥ የደረሰው ጉዳት ነው። የአዋሽ ወንዝ ዳርቻ ለአፋር አርብቶ አደር የበጋ መሸሻ ነበር፤ ቆላው ሲደርቅ ወንዙ የሚያጠጣው ሜዳ ሣር ያበቅላልና። ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ግን ይህ ሜዳ ለጥጥና ለሸንኮራ አገዳ ሰፋፊ እርሻዎች እየተሰጠ ሄደ፤ የቆቃ ግድብም የወንዙን ፍሰት ቀየረ። ለእርሻው የተወሰደው መሬት ከጠቅላላው የአፋር ምድር ትንሽ ክፍል ነበር፤ ነገር ግን ሁሉም በክፉ ጊዜ የሚያርፍበት ክፍል ነበር። በ1965 እና 1966 ዓ.ም. ድርቅ ሲመጣ አፋሮች የሚሸሹበት አጥተው እጅግ ብዙ ከብትና ሰው አለቀባቸው። ድርቁን ያመጣው እርሻው አይደለም፤ ድርቁን ወደ እልቂት የቀየረው ግን የመሸሻው መዘጋት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 አርብቶ አደሮች የግጦሽ መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው መደንገጉ ከዚህ ታሪክ አንጻር ሲታይ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ቃሉ በተግባር መከበሩ ደግሞ ከቃሉ መጻፍ የበለጠ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ከበድ ያለ ተቃውሞ ይነሣል። «ሥርዓቱ እንዲህ ጥሩ ከሆነ ለምን አርብቶ አደሩ በየድርቁ ይራቆታል?» ይላል። ከ2020 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ ቀንድ ዝናብ አምስት ወቅት በተከታታይ ቀርቶ በሚሊዮን የሚቆጠሩ እንስሳት አልቀዋል፤ ቦረናና ሶማሌ ክልል ክፉኛ ከተጎዱት መካከል ነበሩ። ይህን ተቃውሞ በቅንነት መቀበል ያስፈልጋል። ቡሳ ጎኖፋ የሚሠራው አንዱ ወድቆ ሌላው ሲቆም ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲወድቅ ዘመድ ለዘመድ የሚሰጠው ያጣል። በዚያ ላይ የግጦሽ መሬቱ በአጥር፣ በክልል ወሰንና በግጭት ተቆራርጧል፤ በቦረና ሣሩን ለማደስ ይደረግ የነበረው ማቃጠል ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ቁጥቋጦ ብዙ ግጦሽ ወርሷል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ክርክሬን አያፈርሰውም፤ ያጠናክረዋል። የሚያሳየው ክፉ ቀን ሲሰፋ የመደጋገፊያው ክበብም መስፋት እንዳለበት ነው። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቦረና የተሞከረው፣ የሣሩን ይዞታ በሳተላይት አይቶ ካሣ የሚከፍለው የእንስሳት ኢንሹራንስ አንድ ምሳሌ ነው፤ አደጋውን ድርቅ ወዳልነካቸው ሰዎች ያሻግረዋልና። የመንግሥት ርዳታም በትክክል ሲደርስ ሥራው ይኸው ነው። ጎሣው ብቻውን የማይችለውን አገር ይሸከም ማለት ጎሣው ያስተማረውን መተው አይደለም።

ሌላው ተቃውሞ ስለ ሴቶችና ስለ ልጆች ነው፤ ይህም በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። ቤቱን የምትሠራው፣ የምትፈታው፣ ውሃ ከሩቅ የምትቀዳው፣ ወተቱን የምታልበው ሴቷ ናት፤ በሽምግልናው አደባባይ ግን ድምፅዋ ከሥራዋ ጋር አይመጣጠንም። በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ የሰው ልጅ ባህላዊ ቅርሶች ዝርዝር የገባውና ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ የሚሸጋገርበት የገዳ ሥርዓትም የሥልጣን ወንበሩን ለወንዶች የሰጠ ነው። ልጆች ደግሞ መንደሩ በተነሣ ቁጥር ትምህርት ይቋረጥባቸዋል። ከዚህ ኑሮ እንማር ስንል ይህንንም እንቅዳ ማለታችን አይደለም። ነገር ግን መፍትሔው ሰውን በግድ ማስፈር ነው ብሎ መደምደም ስህተት ነው። በአፋርና በሶማሌ ክልሎች ከመንደር መንደር የሚንቀሳቀሱ የጤና ቡድኖች ተሞክረዋል፤ ለትምህርትም ከአርብቶ አደሩ የጊዜ አቆጣጠር ጋር የሚስማሙ የአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ጣቢያዎች አሉ። አገልግሎቱ ወደ ሰው መሄድ ሲችል ሰው አገልግሎት ፍለጋ ኑሮውን እንዲያፈርስ አይገደድም። አንድን ሥርዓት ማክበር ማለት በውስጡ የሚበደለውን መካድ አይደለም፤ የሚያድነውን ሳያፈርሱ የሚበድለውን ማረም ነው።

ጓዝ ማነስ ብቻውን ነጻነት እንዳልሆነ ለማረጋገጥ ሌላ ምሳሌ ከእኛው ሰዎች መካከል ማየት ይቻላል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ኢትዮጵያዊት ያላት ንብረት በአንድ ሻንጣ ያልቃል። ማንም ግን ኑሮዋን የቀላል ጓዝ ፍልስፍና አይለውም። ለምን? ከፋላ በሚባለው አሠራር የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ስለሆነ፣ ከዚያ ቤት ብትወጣ የሚቀበላት ሕግም ዘመድም በቅርብ ስለሌላት ነው። ሻንጣዋ ከፎራ ወጣት ጓዝ ባይበልጥም ኑሮዋ ከእሱ እጅግ የተለየ ነው። እሱ ጥቂት ይዞ የሚሄደው በየደረሰበት ጎሣው ስለሚታወቅ፣ ውሃ ሲፈልግ ተራ፣ ሲርበው ወተት፣ ሲወድቅ ቡሳ ጎኖፋ ስለሚጠብቀው ነው። ላፕቶፑን ይዞ የሚዞረው ምዕራባዊ ወጣትም ቢሆን ከኋላው ጠንካራ ፓስፖርት፣ የባንክ ሒሳብና የጤና ዋስትና አለው፤ እሱም የሚደገፈው በማይታይ ነገር ላይ ነው። ልዩነቱ አርብቶ አደሩ ለድጋፉ በሚችለው መጠን መልሶ የሚከፍል፣ ዛሬ ተቀባይ ነገ ሰጪ የሚሆን መሆኑ ነው።

ታዲያ ይህ ለከተማ ነዋሪ ምን ይለዋል? ቁም ሣጥን ከማራገፍ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፦ «ይህን ዕቃ ያከማቸሁት ምን ፈርቼ ነው?» የሚል። በብዙ ቤት ትርፉ ዕቃ የተሰበሰበው ለእንግዳ፣ ለድግስ፣ ለክፉ ቀንና ለሰው ዓይን ነው። ፍርሃቱ ሳይፈታ ዕቃው ቢወጣ በሌላ ዕቃ ይተካል። መፍትሔው ደግሞ በእጃችን ያለ ነው። እድር ማለት የከተማ ሰው ያቆመው የጋራ ጉድጓድ ነው፤ ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱንና ሰሃኑን በጋራ ይገዛል፣ ተራውንና መቀጮውን በመተዳደሪያ ደንቡ ያስከብራል፣ ሐዘን የደረሰበት ቤት የመቶ ሰው ዕቃ ሳይኖረው መቶ ሰው እንዲያስተናግድ ያደርጋል። በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች ያሉ ወገኖቻችንም እድርና ማኅበር ያቋቋሙት ይህን የኑሮ ጥበብ ስላልተዉት ነው። በኮንዶሚኒየም የሚኖሩ አርባ አባወራዎች መሰላል፣ መሰርሰሪያና የድግስ ብረት ድስት እያንዳንዳቸው ከሚገዙ በጋራ ቢይዙ፣ የታመመ ጎረቤትን በተራ ቢጠብቁ፣ ሥራ ላጣው የተወሰነ ጊዜ ወጪ የሚሸፍን መዋጮ ቢጀምሩ፣ ከየቤታቸው ብዙ ነገር ራሱ ይወጣል። እድር ለሞት ብቻ ይበቃል ያለን ማነው?

«የዘመድ ግዴታ ራሱ ከባድ ሸክም አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል፤ በተለይ ደመወዙ ወር ሳይሞላ በወንድምና በዘመድ ጥያቄ የሚያልቅበት ወጣት። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ከዚያው ከአርብቶ አደሩ ሥርዓት ይገኛል። ቡሳ ጎኖፋ የተጎዳውን ሸክም በአንድ ሀብታም ዘመድ ትከሻ ላይ አይጥልም፤ ለብዙዎች ያከፋፍላል፤ ዓላማውም ተረጂን ሳይሆን ራሱን የቻለ አርቢን መፍጠር ነው። ሸክም የሚያደክመው ደንብ ሳይኖረው አንዱ ላይ ብቻ ሲወድቅ ነው። ስለዚህ ወጣቱን የሚያሳርፈው ዘመዱን መሸሽ ሳይሆን ግዴታውን ከወንድሞቹና ከእህቶቹ ጋር በግልጽ ተነጋግሮ መከፋፈል፣ ልኩንና ጊዜውን መወሰን ነው።

ከዚህ ሁሉ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው ለአገር ነው፦ የአርብቶ አደሩ የጉዞ መስመር፣ የበጋ ግጦሽና የጋራ ውሃ ለሌላ ልማት ሲታሰብ እንደ ባዶ መሬት መቆጠሩ ይብቃ። ያ መሬት የሚሊዮኖች ዋስትና ነው፤ ዋስትናውን ወስዶ ኋላ እርዳታ እህል ማደል ለመንግሥትም ለሕዝቡም ኪሳራ ነው። ሁለተኛው ለእያንዳንዳችን ነው፦ ቀላል ኑሮ ከፈለግን ከሱቅ የምንገዛው ወይም ከሣጥን የምናወጣው ነገር አይደለም፤ ከሰዎች ጋር የምንገነባው ነው። በዚህ ሳምንት ዕቃ ለመቀነስ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የጎረቤቱን ደጅ ያንኳኳ፣ የእድሩን ስብሰባ ይካፈል፣ ከዘመዶቹ ጋር ስለ ክፉ ቀን ተነጋግሮ ማን ምን እንደሚሸከም ይወስን። ይህን ያደረገ ሰው ያለ ፍርሃት ምን ያህል ዕቃ ሊተው እንደሚችል ያን ጊዜ ያውቃል።